ውሃ ለሚጎድለው መኪና፦ የእጅ ፓምፕ የራዲያተር ግፊት መፈተሻ ምን ያህል ያዋጣል?

«መኪናው ውሃ ይጠጣል» ተብሎ ለሚመጣ ችግር በከተማ ዳር ጋራዦች የተለመደው መልስ ሁለት ነው፤ ወይ «እየጨመርክ ንዳ»፣ ወይ «ራዲያተሩ ይቀየር»። ሁለቱም ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። እዚህ የምንገመግመው መሣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ማወቅ ላይ ነው፦ በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጠው፣ የንግድ ስሙ ከሱቅ ሱቅ የሚለዋወጥ፣ ይዘቱ ግን እምብዛም የማይለያየው የቻይና ሥሪት የራዲያተር ግፊት መፈተሻ።

ሻንጣው ሲከፈት ጌጅ (ግፊት የሚያሳይ ባለመርፌ ሰዓት) የተገጠመለት የእጅ ፓምፕ፣ ተጣጣፊ ቱቦ፣ ከልዩ ልዩ የራዲያተር አንገቶች ጋር የሚያገናኙ፣ በቀለም የተለዩ ብዙ አዳፕተሮች፣ የክዳን መፈተሻ አንገትና ቴርሞሜትር ይገኛሉ። ትልቁ ስብስብ በኮምፕረሰር የሚሠራ የቫኪዩም መሙያም ይጨምራል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ፓምፑና ጌጁ ለሥራው ይበቃሉ። ከአዳፕተሮቹ ብዙዎቹ እዚህ በብዛት ለሚነዱት መኪኖች አይሆኑም። የጎማ ቀለበቶቹ ደካማ ናቸው፤ መመሪያ ወረቀቱ ቢጠፋ አይቆጭም። ያም ሆኖ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ ላይ ጋራዥ ከፍቶ ይህን ሳይይዝ የሚሠራ መካኒክ የሚሠራው በግምት ነው።

ከፍታችን ጉዳዩን ያከብደዋል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እንጦጦ አናት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ወደ 90 ይወርዳል። አቃቂና ቃሊቲ ዝቅ ስለሚሉ አንድ ዲግሪ ያህል ይተርፋቸዋል። የብዙ ቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታት፣ ማለትም ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ፣ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው ነው፤ ፋኑ የሚነሣው ደግሞ ከ90 አለፍ ሲል ነው። እንግዲህ ግፊት የማይዝ ራዲያተር እዚህ አገር ፋኑ ሳይነሣ ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ክዳኑ 1.1 ባር ከያዘ ግን ያው ውሃ አዲስ አበባ ላይ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። መካከል ያለው 26 ዲግሪ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንዲት የጎማ ክብና በአንድ ስፕሪንግ ላይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ የሚያፈስ፣ ታች ቆላ ላይ ችግር የማይፈጥር ቱቦ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ሱሉልታ ዳገት ሲወጣ መኪናውን ያቆማል። ጠብታዋ የጎዳችው በወሰደችው ውሃ መጠን አይደለም፤ ግፊቱን ይዛ በመሄዷ ነው።

ክዳኑ ይቅደም

ብዙ ሰው መሣሪያውን ገዝቶ በቀጥታ ራዲያተሩ አንገት ላይ ይተክለዋል። ይህን ሲያደርግ ሳያስበው ዋናውን ተጠርጣሪ ከምርመራው ያወጣል፤ መፈተሻው የሚገባው ክዳኑ ተነቅሎ በእሱ ቦታ ነውና። ክዳኑ ብቻውን የተበላሸ ከሆነ መሣሪያው «ምንም አያፈስም» ይላል፤ መኪናው ግን ነገም ይፈላል።

ክዳኑ ላይ ቁጥር አለ። ቆየት ያሉት ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 0.9 ወይም 88 ይገኛል፤ ቪትዝና ከእሱ ወዲህ የመጡት ላይ 1.1 ወይም 108። 0.9 እና 1.1 በባር አካባቢ ያለ የግፊት ልክ ናቸው፣ 88 እና 108 ያንኑ በኪሎፓስካል የሚናገሩ ናቸው። ጌጁ በፒኤስአይ ብቻ የተጻፈ ከሆነ 0.9 ማለት 13፣ 1.1 ማለት 16 ገደማ ነው። የክዳኑን ጎማ በውሃ አርጥቡት፣ ከመፈተሻው አንገት ላይ ግጠሙት፣ ፓምፑን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ጤነኛ ክዳን መርፌውን እስከ ቁጥሩ አካባቢ ያደርስና ትንሽ ተንፍሶ ይዘጋል፤ ከዚያም ይይዛል። 1.1 የተጻፈበት ክዳን 0.8 ሳይደርስ ከለቀቀ መጠገን የሚባል ነገር የለም፤ ይጣል።

ታች መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን ክዳን፣ የመሳቢያ ቫልቯን፣ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቋት። ወዲያው ወደ ቦታዋ መመለስ አለባት። ዝገት ይዟት ካልተከፈተች ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ እንደተጠባ ተጨማዶ ይገኛል። አጥብቃ ካልዘጋች ደግሞ ውሃው ገና ሳይሞቅ ወደ ትርፍ መያዣው ይወጣል። ትርፍ መያዣው እስከ አፉ ሞልቶ ራዲያተሩ ግን ጎድሎ ካገኛችሁት፣ መኪናው ውሃ ላያፈስ ይችላል። ውሃው ወጥቶ መመለስ አቅቶታል፤ ጥፋቱ ወይ የክዳኑ ነው፣ ወይ ከራዲያተሩ አንገት ወደ መያዣው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ አየር እየሳበች ነው።

ከመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ክዳን ስትገዙ «ጠንካራውን ስጠኝ» አትበሉ። 0.9 በሚል ራዲያተር ላይ 1.3 መግጠም ጥንካሬ አይጨምርም፤ ቀጥሎ ደካማ የሆነውን ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፕላስቲኩን ስፌት ወይም የማሞቂያውን ኮር (ጋቢናውን የሚያሞቀውን ትንሽ ራዲያተር)፣ ፈልጎ ይከፍተዋል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ የስፕሪንጉ ርዝመት ልክ ያልሆነ ክዳንም አለ፤ አንገቱ ላይ ይሽከረከራል፣ ይቆለፋል፣ ውስጥ ያለው ጎማ ግን መቀመጫውን አይነካም። አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን ለኩት።

መሣሪያውን ራሱን መፈተሽ

ይህ መሣሪያ ከሚታማባቸው ነገሮች ሁሉ የሚከፋው እሱ ራሱ የሚያፈስ መሆኑ ነው። ቱቦው ከአዳፕተሩ ጋር በሚቆለፍበት መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ቀለበት ቶሎ ይደርቃል፤ ግፊት መልቀቂያዋ ቁልፍም የደረቀ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲይዛት ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። ያኔ መርፌው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መካኒኩም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የምታምኑትን ክዳን አንገቱ ላይ ግጠሙና ከቁጥሩ ዝቅ ባለ ግፊት፣ 0.7 ባር በሉት፣ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ከወረደ መጋጠሚያዎቹን በኦሞ አረፋ ቀቡ፤ አረፋው የት እንደሚነፋ ወዲያው ይታያል። ቀለበቱን የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። የሞተር ዘይት አትንኩት፤ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል። መተኪያ ቀለበት ኦሪንግ በሚሸጡ ሱቆች በመጠን ይገኛል፤ ሁለት ሦስት ይዞ ማስቀመጥ ነው።

መኪናው ላይ

ሞተሩ ያደረና የቀዘቀዘ ይሁን። ይህን የምንለው ለእጅ ደኅንነት ብቻ አይደለም። ሙቅ ሞተር እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል፤ መርፌው ሲወርድ ያየ ሰው አፈሰሰ ብሎ ይፈርዳል። በሙቅ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ በግፊት ተይዞ ከ100 ዲግሪ በላይ የደረሰ ውሃ ክዳኑ እንደተነሣ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ፊት ላይ ይመጣል። ጨርቅ አድርጎ መክፈት ከዚህ አያድንም።

ራዲያተሩን እስከ አንገቱ ሙሉት። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ውጤቱን የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ውስጡ አየር ካለ ፓምፑ የሚገፋው አየሩን ነው፤ የሚያፈሰው ቦታ ከውሃው መስመር በላይ ከሆነ የሚወጣው አየር ስለሚሆን ጠብታ አይታይም። የጋቢናውን ማሞቂያ ወደ ሙቅ አዙሩት፤ ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ የማሞቂያው መስመር በቫልቭ የሚዘጋ ስለሆነ ካልተከፈተ ኮሩ ከፈተናው ውጭ ይቀራል። ከመኪናው ሥር ደረቅ ካርቶን ዘርጉ። ከዚያ አዳፕተሩን ግጠሙና እስከ ክዳኑ ቁጥር ድረስ ግፉ፤ ከዚያ አታሳልፉ።

በመጀመሪያው ደቂቃ መርፌው ትንሽ ዝቅ ይላል። ቱቦዎቹ ስለሚለጠጡ ነውና አንዴ መልሳችሁ አድርሱት። ከዚያ 15 ደቂቃ ስጡት። ባለበት ከቆመ፣ ቢያንስ በብርዱ፣ ወደ ውጭ የሚያፈስ ነገር የለም። በሰከንዶች ውስጥ ከወረደ ጆሮ ይበቃል፤ ይሰማል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው፦ በ15 ደቂቃ 0.1 ወይም 0.2 ባር የሚያጣው። ለዚህ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወትና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ፍለጋውን ከላይ ወደ ታች አድርጉት፤ ውሃ ወደ ታች ሲሄድ በብረቱ ጠርዝ ተጉዞ ከመነሻው ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ጠብታው ያለበት ቦታ መነሻው አይደለም። ኩላንት በደረቀበት ቦታ ላይ ነጭ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል፤ የዝገት ውሃ ከሆነ ቡናማ መስመር። ያንን መስመር ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

በትንንሾቹ የቶዮታ ቤንዚን መኪኖች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ከጥቁር ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣበታል፣ ያለ ግፊትም አይታይም። ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የታጠፈበት ስፌት ቀጥሎ ይታያል። እነዚህ በብየዳ አይድኑም። ማጣበቂያ ተቀብቶባቸው የሚመለሱ ራዲያተሮች አሉ፤ በብርድ ፈተና ያልፉና ሲሞቁ ይከፈታሉ። የነሐስና የመዳብ የሆነው የድሮው ራዲያተር ግን ጥሩ ራዲያተር ሠሪ እጅ ከገባ ዛሬም ይበየዳል።

የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። የተሠራችው በውስጡ ያለው ማኅተም ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ሳይገባ እንዲወጣ ነው። በቀዳዳዋ ዙሪያ የደረቀ ቅርፊት መኖሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በፈተናው ላይ ጠብታ ካወጣች ፓምፑ ይቀየራል። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ የሚደፍን መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፑሊው ይንገዳገዳል፣ መጨረሻ ላይ ቺንጋው ይበጠሳል። ቆሞ የማያፈስ፣ ሲዞር ብቻ የሚያፈስ ፓምፕም አለ፤ ስለዚህ ቺንጋውን አላልታችሁ ፑሊውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ የፈተናው አካል ይሁን።

በብዛት የሚረሱት ወደ ስሮትል ቦዲው (የሞተሩ አየር መግቢያ) የሚሄዱት ጣት የሚያህሉ ቱቦዎችና ከሞተሩ ኋላ ወደ ጋቢናው የሚገቡት የማሞቂያ ቱቦዎች ናቸው። የማሞቂያው ኮር ራሱ ሲያፈስ ከመኪናው ሥር ምንም አይታይም፤ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል ቅባት ያለው ጉም ይይዛል፣ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ይኖራል። ከኤሲ የሚንጠባጠበው ውሃ በዚያው አካባቢ ስለሚወርድ ያደናግራል። የኤሲው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ኩላንት በጣት መካከል ይሙለጨለጫል፣ ቀለምም አለው። በምላስ አትሞክሩት፤ ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው። የፈሰሰውንም ውሻና ሕፃን ከሚደርስበት ቦታ እጠቡት። ማሞቂያው ቀድሞ አፍስሶ ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርስ የተገጣጠሙባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ያ መጋጠሚያ ራሱ አንድ ተጨማሪ የሚያፈስ ቦታ ነው።

ዓመታት በቧንቧ ወይም በጉድጓድ ውሃ የተነዳ ሞተር ደግሞ የራሱ በሽታ አለው፦ በሞተሩ ብረት ጎን ላይ የተመቱት ክብ የብረት መድፈኛዎች ከውስጥ ዝገው ይበሳሉ። አንዱ ከጭስ ማውጫው ኋላ፣ አንዱ ከሞተሪኖው (ከማስነሻው) አጠገብ፣ አንዳንዱም ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ስለሚደበቅ፣ ሁሉም ነገር ደረቅ ሆኖ ከካምቢዮው ሥር ውሃ ከወጣ እነሱን ጠርጥሩ። አንዱ ከተበሳ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ። ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ ይገኛል፣ ቀን ሲፈተሽ ግን መርፌው አይነቃነቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ፣ በተለይ ውርጭ በሚመታቸው በሱሉልታና በእንጦጦ ወገብ ሰፈሮች፣ ይህ የተለመደ ነው። ጎማና ብረት በብርድ እኩል አይጨማተሩም፤ ያረጀ ቱቦ በላላ ክላምፕ ሥር ጠብ ያደርግና ፀሐይ ሲወጣ ይዘጋል። መፍትሔው መኪናውን አሳድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መፈተሽ ነው። ክላምፑን ከማጥበቅ በፊትም ቱቦውን ነቅላችሁ ከሥሩ ያለውን የብረት አንገት እዩ፤ ዝገት በልቶት ጎርበጥ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ሳይለሰልስ ምንም ክላምፕ አይዘጋውም።

መርፌው ወርዶ ጠብታ ሲጠፋ

መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ ምንጣፉም ደረቅ ነው፣ መርፌው ግን ይወርዳል። ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ግፊቱን ለግማሽ ሰዓት እንደያዘ ተዉት፤ ከዚያ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች በሙሉ ንቀሉ። ሌሎቹ በደረቁ አንዱ ከረጠበ ወይም እንደታጠበ ካነጣ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት በዚያ ሲሊንደር ላይ ሄዷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ካንዴላዎቹ እንደተነቀሉ፣ ነዳጁና ኮረንቲው ተቋርጦ፣ ሞተሪኖውን አንዴ አዙሩት፤ ከቀዳዳው ውሃ ይረጫል፣ ፊታችሁን አርቁ። ካንዴላዎቹ እንደገቡ ማዞር ግን አይሞከርም። ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማልና የጋስኬት ሥራ የነበረው የሞተር ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያውን በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ገጥሞ ያለ ግፊት ማስነሣት ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መርፌው ሽቅብ ከወጣ ወይም በሞተሩ ምት እየተንቀጠቀጠ ከዘለለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ክዳኑ ስለተነሣ ትርፍ ግፊት የሚለቅ ነገር የለም። እጃችሁን ከመልቀቂያዋ ቁልፍ አታርቁ፤ ከክዳኑ ቁጥር ሲጠጋ ልቀቁና ሞተሩን አጥፉ።

ለማረጋገጥ ለብቻው የሚሸጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መፈተሻ አለ። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር ሲስብ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ከተለወጠ በቤንዚን ሞተር ላይ የተቃጠለ ጋዝ አለ ማለት ነው። ውሃው ራሱ እንዳይገባበት ራዲያተሩን ከአንገቱ ዝቅ አድርጉት። በዘይት ክዳኑ ሥር የሚታየው ነጭ አረፋ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ክረምት ላይ ከሰፈር ሰፈር ብቻ የሚነዳ፣ በቅጡ የማይሞቅ ሞተር እርጥበት ይሰበስብና ያንኑ አረፋ ይሠራል። በዚህ ብቻ ቴስታታ የሚያወርድ ጋራዥ አለ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቧንቧ ከሆነ፣ የዚያ መበሳት ዘይቱን ወተት እንደተጨመረበት እንጆሪ ጭማቂ ያደርገዋል። መኪናው ከዚያ በኋላ መነዳት የለበትም፤ ተጎትቶ ነው የሚሄደው።

የቫኪዩም መሙያው

ትልቁን ስብስብ የገዙ ብዙዎች «አይሠራም» ብለው የሚጥሉት ዕቃ ይህ ነው፤ ግማሹ ወቀሳ ግን አይገባውም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኮምፕረሰሩ አየሩን ከሲስተሙ ይስባል፣ ከዚያ ቫልቩ ሲዞር ኩላንቱ ከጀሪካኑ ተስቦ ገብቶ አየር ሳያስቀር ይሞላል። የአየር ማስወጫ ጣጣው አስቸጋሪ ለሆነ መኪና ትልቅ እረፍት ነው።

ወቀሳው የሚመጣው ከጌጁ ነው። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለባሕር ጠለል ነውና መርፌው 0.8 ወይም 0.9 ባር ቫኪዩም እንዲደርስ ይጠይቃሉ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በጠቅላላው 0.77 ባር አካባቢ ነው፤ ከሌለ ነገር መሳብ አይቻልም። እዚህ 0.65 ላይ ደርሶ ከቆመ መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሚታየው ምን ያህል ወረደ ሳይሆን የወረደው ባለበት ቆመ ወይ ነው። አምስት ደቂቃ ከያዘ ሙሉት። ይህ ግን የግፊት ፈተናውን አይተካም፤ ቫኪዩም ያረጀን ስንጥቅ ወደ ውስጥ ስቦ ሊዘጋው ይችላል። ኮምፕረሰር ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ ክፍል የሞተ ክብደት ነው፤ ትንሹን ስብስብ ይግዛ።

ስትገዙ

የአዳፕተሩ ብዛት አያታልላችሁ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና መሰሎቻቸው ላይ የሚሠራው ትንሹ የጃፓን አንገት አዳፕተር ነው፤ ለጭነት መኪናና ለአንዳንድ ሚኒባስ ትልቁ አንገት ያስፈልጋል። የቀሩት በጥርስ የሚጠመዘዙት ለአውሮፓ መኪኖችና የትርፍ መያዣው ራሱ ግፊት ለሚይዝባቸው ነው። የቻይና መኪኖች ላይ ከነዚህ አንዱ ይገጥም ይሆናል፤ ላይገጥምም ይችላል። የቀለሙ ዝርዝር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በይነመረብ ላይ ያገኛችሁትን ሰንጠረዥ አትመኑ። የመኪናችሁን ክዳን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሞክሩ። ሻጩ ሻንጣውን ፊታችሁ ይክፈት፤ ፓምፑን በክዳኑ ላይ ነፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ሲለቀቅ መርፌው ዜሮ ላይ ካልተመለሰ ሌላ አምጣ በሉ። ከፕላስቲክ አዳፕተር የአሉሚኒየሙ ይመረጣል፤ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ መተኪያውን ለብቻው ማግኘት ያስቸግራል።

ለአንድ የቤት መኪና ብቻ መግዛት ላያዋጣ ይችላል። በማኅበር ለሚሠሩ የታክሲ ባለንብረቶች ግን አንዱን በጋራ መያዝ ብልህነት ነው። ወደ ጋራዥ የምትወስዱም ከሆነ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «በግፊት ፈትሸህ አሳየኝ፤ ከጠገንክ በኋላም መልሰህ ፈትሽ»። ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ግፊቱ ተመልሶ ሁለተኛውን ደካማ ቦታ ይከፍታልና።

ፈተናውን ሳያደርግ የማፍሰስ ማቆሚያ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ልጨምር የሚላችሁን እንቢ በሉት። ቀዳዳውን ሲደፍን የማሞቂያውን ኮርና የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮችም ይደፍናል፤ በኋላ መፈተሽም ያስቸግራል። «ቴርሞስታቱን ላውጣው» የሚለውም ያው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ከኋላው ባለች ሁለተኛ ክዳን ውሃው ራዲያተሩን እንዳይዘል ይዘጋል፤ ሲወጣ ሙቁ ውሃ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይቀዘቅዛል የተባለው ዳገት ላይ የባሰ ይሞቃል።

ከጥገና በኋላ የሚሞላው ውሃ ነገር ብዙ ያነጋግራል፤ በአጭሩ ግን የተጣራ ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወይም ተደባልቆ የሚሸጠው እንዳለ። ቪትዝ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይይዛል። ቀለም ዓይነትን አይናገርም፤ ሁለት አረንጓዴዎች የማይስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጠርሙሱን አንብቡ። «የባትሪ ውሃ» ስትሉም የተጣራ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ፤ በዚያው ስም አሲድ ይዞ የሚመጣ ሻጭ አለ፣ አሲድ ደግሞ አሉሚኒየም ራዲያተርን ይጨርሳል። ስትሞሉ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገቱ ይሁን፣ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ይሁን፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

መሣሪያውን ስታስቀምጡ ግፊቱን ልቀቁ፣ ቱቦውን በንጹሕ ውሃ አጥቡ፣ አንጠልጥላችሁ አድርቁ። በቱቦው ውስጥ የቀረ ኩላንት ሲደርቅ መልቀቂያዋን ቁልፍ ያጣብቃታል።

የቀረው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አያትና ሰሚት አካባቢ በየግቢው ይታያሉ፤ እነሱም ባትሪያቸውንና ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አላቸው፣ ያፈሳሉም። ይህን ሻንጣ ግን አምራቹ የጻፈው የግፊት ልክ በእጃችሁ ሳይኖር አትግጠሙባቸው፤ በ1.1 ባር መሞከር የባትሪውን ማቀዝቀዣ ሊጎዳ ይችላል። ከፍተኛ ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ብርቱካናማ ሽቦ ባለበት አካባቢም ያልሠለጠነ እጅ አይግባ። ጎድሎ ካገኛችሁት የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች የታዘዘው ኮረንቲ የማያስተላልፍ ተደርጎ የተሠራ ልዩ ፈሳሽ ነው፤ አንድ ጆግ ውሃ ያንን ጠባዩን ያጠፋዋል።